የጾመኛው ሆድና የጎረቤቱ ማዕድ

ከአዋሽ ሰባት ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰመራ አድርጎ ገላፊ ላይ ጅቡቲን የሚያገኘው አስፋልት ሁዳዴ ሲገባ መልኩ ይለወጣል። መንገድ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች ተጋቢኖና ምስር ወጥ ያበዛሉ። ቁርስ ፈላጊው ይቀንሳል። ሹፌሩ ከነረዳቱ ከጋቢናው ወርዶ በተሳቢው ጥላ ሥር ይቀመጥና ዘጠኝ ሰዓትን ይጠብቃል። መስታወቱ ላይ የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሻንሲው ጎን በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የውኃ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። በመጋቢትና በሚያዝያ የሰመራ ቀትር ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ዲቾቶን አልፎ ወደ ገላፊ ሲወረድ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ከምጣድ ሥር እንደሚወጣ ወላፈን ፊት ይገርፋል። በዚህ ሙቀት እህል ውኃ ሳይቀምስ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ቀላል ነገር እያደረገ አይደለም። እምነቱን በአጥንቱ የሚኖር ሰው ነውና ክብር ይገባዋል።

የእኔ ጥያቄ ከዚህ ክብር ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለማን ዋለ? ጾመኛው ከራሱ አፍ የከለከለው ነገር ወዴት ሄደ? ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ሊከተለው የሚወድ ሰው ራሱን እንዲክድ፣ መስቀሉን እንዲሸከምና እንዲከተለው ሲናገር ሦስት ነገር ነው ያዘዘው። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው አናልፍም። ሥጋና ወተት ሳንቀምስ 55 ቀን እንቆጥራለን፣ እንታገሣለን፣ በቃን እንላለን። መከተሉ ሳይጀመር ይቀራል። እርሱ የሄደው ወደ ለምጻሙ፣ ወደ ተራበው ሕዝብ፣ በጉድጓድ ዳር ወደነበረችው ሳምራዊት ነበር፤ የተከተለውም ሰው እነዚያው ደጆች ላይ መገኘት ነበረበት።

ስለዚህ እንዲህ ልበል፦ ክርስቲያናዊ ራስን መካድ የሚመረመረው በጾመኛው ሆድ ሳይሆን በጎረቤቱ ማዕድ ነው። አንዱ ራሱን ሲነሳ ሌላው ካላገኘ፣ የተደረገው ነገር ራስን መግዛት ይሆናል፤ ደቀ መዝሙርነት ለመባል ግን ይቀረዋል። ከዚህም ሌላ ነገር ይከተላል። ራስህን ካድ የሚባለው የሚክደው ነገር በእጁ ላለ ሰው ነው። አስቀድሞ የተነጠቀውን ሰው «መስቀልህ ነው፣ ቻለው» እያሉ ማጽናናት ከወንጌል የተማርነው አይደለም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት። ሁሉንም አሟልቶ የሚጾም ካህን ወይም መነኩሴ በዓመት ወደ 250 ቀን ይጾማል፤ ምእመኑም 180 ቀን ገደማ ይደርሳል። ይህን ያህል የሚጾም ሌላ የክርስቲያን ሕዝብ ብዙ የለም። አባቶች ግን ጾምን ለብቻው አላቆሙትም። ፍትሐ ነገሥት የጸሎትን፣ የጾምንና የምጽዋትን አንቀጾች አከታትሎ ነው ያስቀመጣቸው። ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚጾሙትን፣ በዚያው በጾማቸው ቀን ግን ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ሰዎች ወቅሷል። እግዚአብሔር የወደደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስና ስደተኛውን ከቤት ማስገባት መሆኑን ነግሯቸዋል። ስደተኛውን ያልሁትን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ገላፊ መንገድ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ከሁሉ የጠራውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ዛሬ ጥቂት ሰው በሚያነበው መጽሐፍ ነው። ሄርማስ የተባለ የሮም ክርስቲያን በሁለተኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የጻፈው፣ በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው «እረኛው» የሚባለው መጽሐፍ ነው። በውስጡ ስለ ጾም የተሰጠው መመሪያ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ደረቅ ነው። በምትጾምበት ቀን ከእንጀራና ከውኃ በቀር አትቅመስ፤ ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፤ ያንን ገንዘብ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ ስጥ፤ የእርሱ ነፍስ ጠግባ ስለ አንተ ትጸልይ። ሐሳቡ ይህ ነው። ጾሙ የሚያልቀው ሰዓቱ ሲሞላ ሳይሆን ገንዘቡ ሰው እጅ ሲገባ ነው።

የመጽሐፉ የግእዝ ቅጂ የተገኘበት ቦታ ራሱ ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚሄድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ያገኘው በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ሲሆን፣ በ1860 እ.ኤ.አ. ላይፕሲግ ከተማ ታትሟል። ጉንዳ ጉንዶ በኢሮብ ምድር፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል ውስጥ ያለ ገዳም ነው። የደቂቀ እስጢፋኖስም ቤት ነበር። አባ እስጢፋኖስና ልጆቻቸው በ15ኛው መቶ ዘመን ስግደት ለእግዚአብሔር እንጂ ለንጉሥ አይገባም ብለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እጅ የተሠቃዩ ናቸው። ገድላቸውን ወደ አማርኛ የመለሱልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ስለ ስግደቱ ብዙ ይወራል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የዕለት ኑሯቸው ነው። በእጃቸው ሠርተው ይበሉ ነበር፤ የቤተ መንግሥት ስጦታ አይቀበሉም ነበር። የድኻ ግብር ተሰብስቦ ስጦታ ሆኖ ሲመጣ መመለሳቸው ከማንኛውም የምግብ ጾም ይከብዳል፤ የማን አፍ ተነጥቆ እንደመጣ ያውቁ ነበርና።

የሄርማስን ሒሳብ ወደ ዛሬው ሁዳዴ እናምጣው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ለስምንት ሳምንት ሲቀሩ ከብዙ ቤት ወጪ የሚቀነስ ነገር አለ። ዘይቱና ምስሩ እንደተወደደ አውቃለሁ፤ ቤተሰቡ ድኻ ከሆነ የሚተርፈው ጥቂት ነው፣ ምናልባትም ምንም ነው። የደህና ቤት ሒሳብ ግን ሌላ ነው። እዚያ የተረፈው ብር ተጠራቅሞ ይቆይና በፋሲካ ዋዜማ ገበያ ይወጣል፤ በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ ይሆናል። የበግ ዋጋ በዚያ ሳምንት ለምን እንደሚሰቀል ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። በዓሉን ማክበር ነውር የለበትም፤ ትንሣኤ የደስታ ቀን ነው። ነገር ግን 55 ቀን ከአፋችን የመለስነው ተመልሶ ወደዚያው አፋችን ከገባ፣ ያዘገየነው እንጂ የሰጠነው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሹፌሩ ልመለስ። በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው የእርሱ ጉዳይ ነውና ረዘም አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ።

ገላፊ ዛሬ ያለችበትን ቦታ ያገኘችው በጦርነት ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. የሀገሪቱ ዋና በር አሰብ ነበር። ከዲቾቶ መገንጠያ ቀጥ ብሎ ወደ አሰብ የሚሄደው መንገድ በኤርትራ ጦርነት ሲዘጋ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ ወዲህ የሀገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር የተወሰነ ሸክም ቢያቃልልም፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ ስንዴው አብዛኛው አሁንም በከባድ መኪና ነው የሚገባው። ከአዲስ አበባ እስከ ወደቡ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። የብዙው ሹፌር ገቢ በምልልሱ ብዛት ይወሰናል። በወር አንድ ምልልስ የጨመረ ሹፌር ልጆቹን የተሻለ ያበላል፤ ባለንብረቱም ይወደዋል። እንቅልፍን የሚያሸንፈው በጫት ነው። ድካሙ ሲብስ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ወይም ሜዳው ላይ ዓይኑ ይከደናል። በሀገራችን በየዓመቱ በመኪና አደጋ የሚሞተው ሰው በሺዎች የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ሁዳዴን እንዴት ይጹም? ውኃ ሳይቀምስ በ40 ዲግሪ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነድቶ ራሱን ቢስት፣ የጾሙን ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ብቻ አይደለም። ከፊቱ በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። አስተዋይ የንስሐ አባት ይህን ስለሚያውቅ ያቀልለታል፤ ለታመመና ለደከመ ማቅለል የቆየ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ከማቅለል የበለጠ ሊነገረው የሚገባ ነገር ያለ ይመስለኛል። የእርሱ ጾም በሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ተጨማሪዋን ምልልስ መተው ጾም ነው። ሚሌ ላይ መኪናውን አቁሞ ሌሊቱን መተኛት፣ የሚቀርበትን ብር እያወቀ መተኛት፣ ከራሱ ቆርሶ በመንገዱ ላለው ሰው ሁሉ መስጠት ነው። ጫቱን መተው ጾም ነው። ከቤቱ ርቆ በሚያድርባቸው ከተሞች ለሚስቱ ታማኝ ሆኖ መገኘት ጾም ነው፤ ይህ መስመር በኤች አይ ቪ የተነሳ ስንት ቤት እንደፈረሰበት የቀድሞዎቹ ሹፌሮች ያውቁታል። እነዚህ ሁሉ ከምስር ወጥ ይልቅ ይከብዳሉ። እያንዳንዳቸው ግን በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ፍሬያቸው ይታያል፦ ሚስት በጤና ትኖራለች፣ ልጅ ያለ አባት አይቀርም፣ ሚኒባሱ ከተማው ይገባል።

በዚሁ መንገድ ዳር በእግሩ የሚሄድ ሌላ ሰው አለ። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ የተነሳ ወጣት፣ ብዙ ጊዜም ገና ልጅ፣ በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ሲሳካለት ወደ ሳዑዲ የሚሄድ። ብዙዎቹ በሌሊት ይጓዛሉ፤ ቀን ቀን ጥላ ባገኙበት ይወድቃሉ። ውኃ ጥም የጣላቸው ሰዎች መቃብር ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ በድንጋይ ክምር ተለይቶ ይታወቃል። በ2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ከጅቡቲ ዳርቻ ተገልብጠው በርካታ ኢትዮጵያውያን አለቁ። የመጀመሪያው መጋቢት 30፣ ሁለተኛው ሚያዝያ 15 ነበር። ሁለቱም ቀን ሁዳዴ ላይ ነበርን። እናቶቻቸው ሲጾሙ ነው መርዶ የመጣባቸው።

ጾመኛው ሹፌር እነዚህን ልጆች በመብራቱ ያያቸዋል። ጭኖ እንዳይወስዳቸው ሕጉን ይፈራል፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር በሚያሻግር ላይ ከባድ ቅጣት ደንግጓል፤ ኬላ ላይ ተሳቢው ሥር ስደተኛ የተገኘበት ሹፌር ማን ያምነዋል? ፍርሃቱ ትክክል ነው። መጫኑም ቢሆን ወደ ባሕሩ ማቅረብ ነውና መልካም ነገር መሆኑን እጠራጠራለሁ። ውኃ ግን ማንም አልከለከለም። ያ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እርሱ ከማይጠጣው ውኃ ልጁ ቢጠጣ፣ ኢሳይያስ የተናገረው ጾም በዚያች ሰዓት ተጾመ ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉ ሹፌሮች አሉ። ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ ፕላስቲኩን በመስኮት ወርውረው የሚያልፉ አሉ፤ ቆመው የሚያጠጡም አሉ። ሰባኪዎቻችን በሁዳዴ ስብከታቸው ስማቸውን ሲያነሱላቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ሊነሣላቸው ይገባ ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ስለሚሰጥ ሰው ነው። የሚነጠቅም ሰው አለ። ይህ መንገድ በሚያልፍበት በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ የሌላውን ሰው ሕይወት መሥዋዕት ማድረግ ምን እንደሚመስል ለማየት ብዙ ወደኋላ መሄድ አያስፈልግም።

የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ መተሐራ ላይ ሸንኮራ ተከለ፤ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ደግሞ ተንዳሆ ላይ ጥጥ ዘራ። አዋሽ ዳር የተያዘው መሬት ለአፋርና ለከረዩ አርብቶ አደር የበጋ ግጦሽ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ከብቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ የሰውም ሆነ የከብት ነፍስ የሚተርፈው በዚያ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ታላቁ ድርቅ ሲመጣ አፋሩ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ወንዙ ዳር ግን ጥጥ ነበር። በዚያ ረሃብ ከማንም በላይ ከተጎዱት አንዱ የአፋር ሕዝብ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ሀገር እንድታድግ አንዳንዱ ዋጋ ይከፍላል በሚል ነው። ዋጋውን እንዲከፍል የተወሰነበት ሰው ግን አልተጠየቀም። የመተሐራ ስኳር ያልቀመሰ የደጋ ሰው የለም፤ በሻያችን ውስጥ የገባው ጣፋጭ ነገር ከማን ማዕድ እንደተነሳ ሳናውቅ ስንጾምና ስንፈታ ኖረናል።

መሥዋዕት የሚለው ነገር ከመድረክ ሲነገር ጆሮዬ የሚቆመው ለዚህ ነው። ዘመቻ ሲታወጅ፣ ኑሮ ሲወደድ፣ ልማት ሲባል፣ የሚናገረው ሰው ራሱ ምን እንደሚተው አይነግረንም። ወንጌሉ ውስጥ ግን ተናጋሪው አስቀድሞ ራሱ ወደ ኢየሩሳሌም ፊቱን አቅንቷል። ደቀ መዛሙርቱን ካዘዛቸው ነገር እርሱ ያልቀደመበት የለም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በየጓዳው የሚሰበከው ነው። በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በሎግያ ሆቴሎች ውስጥ ከወሎና ከሸዋ ወርደው አልጋ የሚያነጥፉ፣ ቡና የሚያፈሉ፣ ሌሊቱን ከሰካራም ጋር የሚታገሉ ሴቶች አሉ። ደሞዛቸው ትንሽ ነው፤ እርሱንም ለእናታቸውና ለታናናሾቻቸው ይልካሉ። እንዲህ ያለችው ልጅ ንስሐ ለመግባት ስትመጣ ትዕግሥትን ብቻ ከነገሯት፣ የሚደበድባት ባል ያላትንም ሴት መስቀልሽን ተሸከሚ ካሏት፣ የክርስቶስን ቃል ለማያገለግለው ነገር ማዋል ነው። እርሷ የምትክደው ትርፍ ነገር የላትም። ራሱን እንዲክድ ሊነገረው የሚገባው ባለ ሆቴሉ ነው፣ ባልየው ነው። የሆቴሏ ልጅ ለእናቷ የምትልከው ብር ግን፣ ማንም ሳያዛት ከጉሮሮዋ የቀነሰችው፣ በሄርማስ ሒሳብ ከብዙ ባለጸጎች ጾም ይበልጣል።

በፈቃድ የተከፈለ ዋጋ ምን እንደሚመስል ሀገራችን ታውቃለች። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ጥይት ሲወድቁ የተጠየቁት ነገር ቀላል ይመስል ነበር፦ አርበኞቹን አውግዙ፣ ሕዝቡን ለገዢው እንዲገዛ ስበኩ። ያንን ቢያደርጉ ሕይወታቸው ይተርፍ ነበር፤ የሚተርፈው ግን የሌሎችን ሕይወት አሳልፈው ሰጥተው ነው። ከዚያ 43 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከኡራኤል ማኅበረ ምእመናን አገልግለው ሲወጡ በደርግ ሰዎች ተያዙ፤ ተገደሉም። ከዚያ በፊት ታስረው ተፈተዋል፤ ከሀገር እንዲወጡ ወዳጆቻቸው ለምነዋቸው ነበር። መንጋውን ጥዬ አልሄድም አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከእርሳቸው በኋላ ለአሥር ዓመት ገደማ ታስረዋል። በዚያው በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች በብዙ ነገር አይስማሙም፤ በአንድ ዓመት ግን አንድ ዓይነት ደም ከፍለዋል።

ስለ ቄስ ጉዲና ሲነሣ ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ ቦንሆፈር ይሏቸዋል። ጀርመናዊው ቄስ ዲትሪሽ ቦንሆፈር ደቀ መዝሙርነት ስለሚያስከፍለው ዋጋ በ1937 እ.ኤ.አ. ጻፈ፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ደርሶ ሳለ ሕዝቡ በመከራ ሊገባ መሆኑን አይቶ ተመለሰ፤ በሚያዝያ 1945 እ.ኤ.አ. በናዚዎች ተሰቀለ። ንጽጽሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹን የሚያመሳስላቸው አሟሟታቸው ብቻ አይደለም። ቄስ ጉዲና በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ላይ ዋና እጅ ነበሩ። ደብዳቤው የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይቶ ማገልገል እንደማይቻል፣ ወንጌልና ልማት ተነጣጥለው እንደማይቆሙ ይከራከራል። ሰባት ዓመት ቆይቶ የሞቱት ያንን ሲኖሩ ነው። ለጎረቤት ሥጋ ያላሰበ ሰው ለጎረቤት አይሞትም።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ በአክራሪዎች እጅ ስለታረዱትና ስለተረሸኑት ሠላሳ ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች እዚህ ላይ ማሰብ ግድ ነው። ጳጳስ ወይም ሰባኪ አልነበሩም። ከጨርቆስ ሰፈርና ከሌላም ቦታ ቤተሰባቸውን ሊረዱ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። በገላፊ ዳር የሚሄዱት ልጆች ወንድሞች ናቸው። ማተባቸውን አልበጠሱም። ምእመኑ ሰማዕታት ብሎ ያስባቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። ነገር ግን ከሞቱ በኋላ ሥዕላቸውን የምንስም ከሆነ፣ ገና በሕይወት ሳሉ በአስፋልት ዳር ውኃ ሲለምኑ የምናልፋቸውን ምን እንላቸዋለን?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እሰማለሁ። ጾም የድኻ መርጃ ፕሮግራም አይደለም፤ ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት ነው፤ በረሃ የገቡት አባቶች ለማን ሰጡ? ይላል። ተቃውሞው ቁም ነገር አለው። ለብቻው የሚጸልይ መናኝ በከንቱ ኖረ ለማለት አልደፍርም። ከአዋሽ ብዙም ሳይርቅ፣ ሚኤሶ አጠገብ፣ የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም አለ። የመሠረቱት ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልጆች አንዱ የሆኑት አቡነ ሳሙኤል ናቸው። ዙሪያው ደረቅ ቆላ ነው፤ ተራራው ግን በደን ተሸፍኗል፤ ያ ደን እስከ ዛሬ የቆመው መነኮሳቱ ስለጠበቁት ነው። በ2004 ዓ.ም. በእሳት ሲያያዝ ጭንቁ የገዳሙ ብቻ አልሆነም። ለራሳቸው ምንም ያልፈለጉ ሰዎች ለሚመጣ ትውልድ ዛፍ አቆይተዋል። የነፍስ ተጋድሎ በእውነት ከተደረገ በጎረቤት ላይ ፍሬው አይጠፋም፤ ጥላ ይሆናል፣ ምክር ይሆናል፣ ለእንግዳ የሚቀርብ ዳቤ ይሆናል። ተጋድሎው ለማንም ምንም ካላፈራ ግን መናኙ ራሱም ይጠይቅበት ዘንድ አባቶች አስተምረዋል፤ ትሕትናና ፍቅር ያልጨመረ ጾምን አጋንንትም ይጾማሉ ይሉ ነበር፤ አጋንንት አይበሉምና።

በ2017ም ሆነ በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። በሰመራና በሎግያ ክርስቲያኑ ዘጠኝ ሰዓትን፣ ሙስሊሙ የመግሪብ አዛንን ይጠብቅ ነበር። አፋሩ ያንን ሙቀት ያለ ውኃ ያሳልፈዋል፤ መንገደኛ ከሆነ ፈትቶ በሌላ ቀን እንዲከፍል ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል፤ ከዒድ ሶላት በፊትም ዘካተል ፊጥር ለድኻ ማውጣት ግዴታው ነው። ከዚህ የምንማረው አለን። የጎረቤታችን ጾም ሲያልቅ ለድኻ የተለካ እህል ይወጣል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሄርማስ ያዘዘው ሒሳብ ከመጽሐፉ ጋር ገዳም ቀርቷል። ሰበካ ጉባኤዎች ይህን ለመመለስ አዲስ ሥርዓት አያስፈልጋቸውም። ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ሆሳዕና እያንዳንዱ ቤት ከገበታው የቀነሰውን ገምቶ የሚያስገባበት ሣጥን፣ ከሣጥኑም በመንገዱ ዳር የሚቀመጥ የውኃ ሮቶ ይበቃል። ሮቶው ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም መጻፍም አያስፈልግም።

ነገሩን ለሹፌሩና ለምእመኑ ብቻ መተው ግን አግባብ አይደለም። ተሳቢው የሌላ ሰው ንብረት ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ በሁዳዴ ያስቀድሳል፣ ይሰግዳል፣ ሥጋ አይቀምስም። ሹፌሩ ሚሌ ላይ ይተኛ ወይስ ሌሊቱን ይንዳ የሚለው የሚወሰነው በእርሱ የጉዞ ቀጠሮና በምልልስ አከፋፈሉ ነው። ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ሌሊት ቢጨምር፣ የዚያችንም ሌሊት ሒሳብ ከሹፌሩ ሳይሆን ከራሱ ትርፍ ቢቀንስ፣ ስንት ብር እንደሚቀርበት በአንድ ማታ ማስላት ይችላል። የንስሐ አባቱም ስንት ቀን እንደጾመ ከመጠየቃቸው በፊት ያንን ቁጥር ይጠይቁት።